ንጉሡ ሠ የበዛበት ረቂቅ

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ስፌት ቤትሽስ? ደንበኞችሽ በቀጠሯቸው ይመጣሉ? መነጽሩን ታደርጊያለሽ ወይስ አሁንም ክሩን በግምት ነው መርፌ ውስጥ የምታስገቢው? እኔ ደህና ነኝ። ስድስት ሳምንት የጠፋሁት ታምሜ አይደለም፤ ስንፍና ነው።

ዛሬ የሥራ ወሬ ላውራሽ። ባለፈው ወር አሳታሚ ቤታችን ስምም አድራሻም የሌለው ረቂቅ በፖስታ ደረሰው። ልብ ወለድ ነው፤ ስለ ከተማ ጠንቋዮች። አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተው ልብስ ይሰፋሉ። አለቃዬ «ጠንቋይ ደግሞ በሊፍት!» ብሎ ወደ እኔ ወረወረው፤ አንብቤ እንድጥለው መሆኑ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ጀመርኩት፤ መውረጃዬን በሦስት ፌርማታ አለፍኩ።

የትልቋ ጠንቋይ አፍ! የሰው ትከሻ በሜትር ለክታ ውሸቱን ታውቃለች። አከራዩን «ጌታዬ፣ ግራ ትከሻዎ በሁለት ጣት ወርዷል፤ ዛሬ ማንን ዋሽተው መጡ?» ስትለው ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስቄ፣ የጎረቤት ክፍል ሰዎች መጥተው ጤናዬን ጠየቁኝ። አስማቱ ከሰማይ አይወርድም፤ ከካውያ እንፋሎት፣ ከተረፈ ጨርቅ ነው የሚወጣው። ይህን የጻፈ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ጉድለትም አለው። አንዲት ጥቁር ድመት አለች፤ ከመተኛት በቀር ሥራ የላትም። ፍቅረኛ የተባለው ፎቶ አንሺ ምዕራፍ አምስት ላይ ሲጋራ ሊገዛ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ፊደሉማ አይነሳ! ሥፌት፣ ልብሥ፣ መሥኮት። ሽማግሌው አራሚያችን «የዚህን ሰው እሳቱን ሰ ማን ሰረቀበት? በየመስመሩ ንጉሡን አንግሧል!» እያለ ሲራገም ይውላል። እንዲህ የተጻፈ ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ልጅ ሆኜ በየቀኑ ከሥሩ የማልፍበት የስፌት ቤት ሰሌዳ ላይ። ለአራሚው ትንፍሽ አላልኩም።

ትልቁ ጉድለት ግን የጠንቋይዋ ልጅ ናት፤ ቢሮ የምትሠራዋ። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ አትቆጣም፤ ስልክ ገና ሳይጠራ ታነሳለች። እንዲህ ያለች ልጅ የለችም፣ እማዬ። እናቷ ስለ አንድ የጻፈችው ነገር ልትነግራት ስትጀምር «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብላ የምትዘጋ ብትሆን አምናት ነበር። ደራሲዋ እሷ ላይ ስትደርስ እጇ ይራራል። አይራራ። እንዳለች ትጻፋት፤ ልጅቷ ትችለዋለች።

አለቃዬም በመጨረሻ አነበበው። ድመቷ ትውጣ፣ ልጅቷ ሰው ትምሰል፣ እናትመዋለን ብሏል። ችግሩ፣ ስም ከሌለው ሰው ጋር ውል አይፈረምም። እስከ ወሩ መጨረሻ ደራሲዋ ካልመጣች ረቂቁ መጋዘን ይገባል፤ መጋዘን የገባ ደግሞ ሲወጣ አላየሁም።

አንቺ ጋ ስንት ዓይነት ሴት ይመጣል። የምታውቂያት ከሆነ ማክሰኞ ጠዋት ትምጣ በያት። ሁለተኛ ፎቅ ነን፤ እታች በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ክንዴን ይዛ ትወጣለች። ስሟን ግን እኔ አልናገርም። ራሷ ትንገራቸው።

እጅሽንም ዓይንሽንም ያቆይልኝ።

ጉድለት ያለባት ልጅሽ