ለሞጣ ስፌት የሰበሰብኩት እራፊ

ሙላቴ፣ የልጄ አባት፣

ከቢቸና ገበያ ዳር ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረህ በደጀን በኩል ከሄድክ ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ከሞትክ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ግን እደናገራለሁ። ለእኔ የሞትክበትና ለሌላው ሰው የሞትክበት ቀን አንድ አይደለም። ነፍስህን ይማር ብዬ ልጀምር ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ተናድጃለሁ። ንዴቴን የምነግረው ሰው ባጣ ነው ወደ አንተ የመጣሁት።

ጽሕፈቴን ብታይ ትገረም ነበር። አንተ ስታነብልኝ፣ አንተ ስትጽፍልኝ የኖርኩት ሴት መሠረተ ትምህርት ገብቼ ይኸው በገዛ እጄ እጽፋለሁ። መስመር አልጠብቅም እንጂ ይነበባል።

ቤታችን ደህና ነው። የሰናይት የፊት ጥርሶች ወልቀው በቅለዋል፤ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ እንደ አንተ ግራ እጇን ነው የሚቀናት፣ መምህሯ ይቆጧታል። የጓሮውን ባሕር ዛፍ ሸጠን ቤቱን ቆርቆሮ አለበስነው። ዕድሜህን ሙሉ ስትመኘው የኖርከው ቆርቆሮ ዝናብ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል። ወንድምህ ደሴ ወንድ ልጅ ወልዷል። ያንተን ስም ላውጣለት ብሎ መጥቶ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ሰውዬውን ወሰዳችሁ፣ ስሙን እንኳ ተዉልኝ አልኩት። አቀርቅሮ ሄደ። እስካሁን አልተጸጸትኩም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከፋሲካ በኋላ ከየቀበሌው የተመረጡ ሴቶች ሞጣ ገብተን ለአንድ ወር ስፌት እንድንማር ታዘዘ። ስፌቱ ምን እንደሆነ ብነግርህ ትስቃለህ። እራፊ ከእራፊ ገጣጥሞ፣ መሃሉን ጥጥ ሞልቶ ብርድ ልብስ መሥራት ነው። እናቶቻችን ሲቸግራቸው ድሪቶ እየደረቱ ያሳደጉን ለካ ሙያ ኖሯል፤ አሁን አሠልጣኝ ከደብረ ማርቆስ መጣችለት። ብርድ ልብሱ ለግንባር ነው አሉ። እያንዳንዷ ሴት መርፌዋን፣ መቀሷን፣ የወር ስንቋንና የምትቆርጠውን አሮጌ ልብስ ይዛ ትምጣ ተባለ።

ሳላፍር ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከቤቴ ርቄ፣ እንጨት ሳላዝል፣ ማድጋ ሳልሸከም ወር ሙሉ ላድር ነው። ከጉንደ ወይን ወዲያ ያለውን አገር አይቼው አላውቅም። በሶ ፈጨሁ፣ ዳቦ ቆሎ ቆላሁ፣ ሽሮና በርበሬውን በየጨርቁ ቋጠርኩ። መቀሱን ከጎረቤት ተዋስኩ። ሰናይትን ለእናትህ አስረከብኩ። ከዚያ የሚቆረጠውን ልብስ ልመርጥ ሳጥኑን ከፈትኩ።

ከላይ የነበረው ያንተ ካኪ ኮት ነው። የደረት ኪሱ አሁንም ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል፤ ትቻለሁ እያልክ ስትዋሸኝ የከረምክበት። አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አንተን የበላ ግንባር ኮትህንም አያገኝም ብዬ ነው። ከሥሩ ያለውን ቀሚሴን አወጣሁ።

ያን ቀሚስ አንተ አታውቀውም፤ ከሄድክ በኋላ ነው የተሰፋው። ጥለቱ ወይን ጠጅ ነው፣ ወዲያው ዓይን ይገባል። ለደሴ ሠርግ ብዬ ነው ያሰፋሁት። መቼም የውትድርናው ዕጣ የወጣው በደሴ እንደነበር አትረሳም። ልጅ ነው፣ እኔ ልሂድለት ያልከው አንተ ነህ፤ ቀበሌው ሲያውቅ፣ እናትህ ሲያውቁ፣ እኔ የሰማሁት ከሁሉም በኋላ ነው። ይሁን ብዬ ዋጥኩት። ደሴ በጥር አገባ። አንተ በኅዳር ሞተህ ነበር።

አብሮህ የነበረ ቁስለኛ መጥቶ ለእናትህና ለነፍስ አባታችን ነግሯቸው ኖሯል። ድግሱ ግን ተጀምሯል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ የሙሽራይቱ ወገኖች ተጠርተዋል። መርዶው ከሠርጉ በኋላ ይሁንላት ተባለ። እናም እኔ ጠጉሬን ተሠርቼ፣ ቅቤ ተቀብቼ፣ ያን ቀሚስ ለብሼ ዳሱን በእልልታ ዞርኩት። እስክስታ ወረድኩ። ላብ እስኪያጠምቀኝ ድረስ ወረድኩ። ባል አለኝ ብዬ ነዋ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየኝ፣ አንዱ ክንዴን ይዞ ቁጭ በይ አላለኝም።

የጠላውን ነገር ደግሞ ስሰማ ጨርቄን ጥዬ ላብድ ነበር። ከሠርጉ ቀደም ብሎ እናትህ የመድኃኔዓለም ስለት አለብኝ፣ ጠላ ጥመቂልኝ አሉኝ። ጠመቅኩ። ካህናቱ መጡ፣ ጠጡ፣ እጅሽ ይባረክ ብለው መረቁኝ። ለካ ስለት አልነበረም፤ ያንተ የአርባ ቀን ፍትሐት ነበር። የባሌን የአርባ ጠላ በገዛ እጄ ጠምቄ፣ እየሳቅኩ ቀድቼ አጠጣሁ። ይህን በሰው ላይ የሚያደርግ ጠላት ቢሆን ይሻል ነበር፤ የሚወዱኝ ናቸው ያደረጉት።

እናትህን አልጠላኋቸውም። በዚያ ሠርግ እሳቸውም ሆዳቸውን በመቀነት ጠፍረው እንደዘፈኑ አውቃለሁ። አንዱን ልጅ ቀበሩ እንዳይባል መቃብር የለ፤ ሌላውን መዳር አለባቸው። አዝንላቸዋለሁ። ይቅር ግን አላልኳቸውም፤ እንድልም አትጠብቅ።

እንግዲህ ያ ቀሚስ ለመቀስ ካልሆነ ለምን ይሆናል? አጣጥፌ ጓዜ ውስጥ ከተትኩት።

የመሄጃችን ዋዜማ ነው፤ ረፋዱ ላይ የነፍስ አባታችን፣ እናትህና የጥሩዬ አባት ተከታትለው ገቡ። ጥሩዬን ታስታውሳታለህ፤ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን፣ ጌትነትን ያገባችውን። እሱም ከአንተ በኋላ ተመልምሎ ሄዷል። እሷም ከእኔ ጋር ሞጣ ከሚሄዱት አንዷ ነበረች። ሦስቱም ተቀምጠው ሲተያዩ ነገሩ ገባኝ። ጌትነት በገና ዋዜማ ማረፉ ተሰምቷል፣ እሷ ግን አልሰማችም አሉኝ። አባቷ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ ሞጣ ደርሳ ትምጣ፣ ልቧም ይናፈስ፣ ስትመለስ እናረዳታለን አሉ። የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ አሁን ከተረዳች ሴት ትጎድልብኛለች ብላ አደራ ማለቷን እናትህ ጨመሩ። ከእኔ የሚፈልጉት ጨዋታ ነው። አጫውቻት፣ አስቂያት፣ አንቺ ነገሩን ታውቂዋለሽ አሉኝ።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። አዎ፣ አውቀዋለሁ። በነፍስ አባቴ ፊት ምን ልበል? እሺም እምቢም ሳልል መስቀል ተሳልሜ ሸኘኋቸው።

ብዙም ሳይቆይ ጥሩዬ ራሷ ጓዟን አዝላ መጣች። እታለሜ፣ አንድ ላይ እንሰረው፣ መኪና ላይ እንዳይጠፋብን ብላ መሬት ላይ ዘረገፈችው። አሮጌ ነጠላዎቿን፣ የእናቷን ያረጀ ቀሚስ፣ የተቀደደ አንሶላ። የጌትነት ልብስ የለበትም። ለምን አላመጣሽም ብዬ ሳልጠይቃት፣ እሱ ሲመጣ ምን ሊለብስ፣ አለችኝ። ከዚያ ከጉያዋ አንዲት ቀይ ቁራጭ አወጣች፤ ከመቀነቷ ጥለት ቀድዳ ያመጣችው ነው። ብርድ ልብሱ ጥግ ላይ ልሰፋት ነው አለች። ግንባር ደርሶ ድንገት እሱ እጅ ቢገባ የእኔ መሆኑን ያውቃል፣ መቀነቴን ያውቃታል አለችኝ። ይህን ስታስብ ሳትሰነብት አልቀረችም፤ ፊቷ በርቶ ነበር። መርፌና ክር አቀበለችኝና፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል፣ አስገቢልኝ፣ ከወዲሁ ልለማመድ አለች። ማንጎራጎር ጀመረች።

ክሩ አልገባልኝ አለ። የደሴ ሠርግ ፊቴ ላይ መጣ። አሁን እኔ ከነዚያ ዳር ቆመው ካዩኝ ሰዎች አንዷ ልሆን ነው። ወር ሙሉ አጠገቧ ተኝቼ ቀይዋን እራፊ ስትሰፋ እያየሁ፣ አይዞሽ ይደርሰዋል ልላት ነው። አልቻልኩም ሙላቴ። ጥሩዬ፣ ጌትነት የለም፣ አልኳት።

መርዶ እንዲህ እንደማይነገር አውቃለሁ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ የሚይዟት ሴቶች በግራ በቀኝ ተቀምጠው ነው። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ እራፊ መሃል፣ ብቻዋን ነገርኳት። ፊቷን ስትነጭ እጇን ልይዝ ታገልኩ፤ አልቻልኳትም። ጉንጯን ደም በደም አደረገችው። ጩኸቷን ሰምቶ ሰው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር።

እኔን ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ። ትንፋሿ ሲመለስ ቀና ብላ አየችኝና፣ ምነው ከሞጣ እስክመለስ እንኳ ብትተዪኝ፣ አለችኝ። አንድ ወር ባል ይኖረኝ ነበር፣ ምን ነበረበት፣ አለችኝ።

ራሴን ስንቴ ጠየቅኩ መሰለህ፤ ከኅዳር ጀምሮ ሠርጉ እስኪያልፍ ድረስ እኔም ባል ነበረኝ። ወንዝ ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እህል ስሰፍር ያንተን ድርሻ ለብቻ አስቀምጥ ነበር። ያን ጊዜ እንመልስልሽ ቢሉኝ እወስደው ይሆን? አንዳንድ ቀን እወስደዋለሁ እላለሁ። ግን አብሮት የሚመጣው ነገር አለ፤ ያ ጠላ አለ፣ ያ እስክስታ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅልኝ ምን ደብቆኝ ይሆን እላለሁ። የሰናይት መምህር ልጅሽ ጎበዝ ናት ሲሉኝ እንኳ ሌላ ነገር እጠብቃለሁ። ለጥሩዬ ይህ እንዳይደርስባት ብዬ ነው፤ እሷ ግን ያየችው የተነጠቀችውን ወር ነው። አልፈርድባትም።

በማግስቱ ጭነት መኪናው ያለ እኛ ሄደ። ሊቀመንበሯ ሁለት ሴት አጎደልሽብኝ ብላ በስብሰባ ላይ ስሜን አንስታ ዘለፈችኝ። የጥሩዬ አባት ልጄን ገደልሻት አሉኝ፤ ለቅሶው ላይ ስገባ ሴቶቹ ፈቀቅ እያሉ ቦታ ነሱኝ። የነፍስ አባታችን ሱባኤ ግቢ፣ ስግደት ሰግደሽ ነይ ብለውኛል። እሰግዳለሁ፤ ጉልበቴ ደህና ነው። እናትህ ብቻ ክፉ አልወጣቸውም። ጓዜን ፈቱና በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ወደ ለቅሶው ቤት ይዘውት ሄዱ። ለሞጣ ያልኩት ስንቅ ለጌትነት ለቅሶ ሆነ።

ቀሚሱን ግን ቆርጬዋለሁ። ለዚያ ሞጣ መሄድ አላስፈለገኝም። ወይን ጠጅ ጥለቱን ወርውሬ ነጩን ለሰናይት ብርድ ልብስ ገጣጥሜዋለሁ። ስፌቴ ጠማማ ነው፣ ጥጡም በየቦታው ይቋጠራል፤ አሠልጣኟ ብታየው ታዝንብኝ ነበር። ልጅህ ግን ይሞቃታል።

አንተን አልረሳህም እልሃለሁ፤ ግን ሰው ሁሉ እንደሚለው አይደለም። ተዝካርህን እናትህ አውጥተውልሃል፣ ስምህን ቤተ ክርስቲያን ታነሳዋለች። እኔ አንተን የማስታውስህ በሌላ ነው። እኔ ባለሁበት ማንም ሴት ሞቶ የከረመ ባሏን እየጠበቀች አትዘፍንም። ጠላ አይጠመቅባትም፣ ሠርግ አይሠረግባትም። ብትጠላኝ ትጥላኝ፣ መንደሩም ይፍረድብኝ። አንተ መሄድህን ለእኔ ከሁሉም በኋላ ነገርከኝ፤ እኔ ግን ከሁሉም ቀድሜ እናገራለሁ።

ጥሩዬ ከዚያን ቀን ወዲህ አላነጋገረችኝም ነበር። ትናንት ከምንጩ ስመለስ አጥሩ ጥግ ቆማ አገኘኋት። ጉንጯ ላይ ያለው ጭረት ጠባሳ ሊሆን ነው። ሰላም አላለችኝም። አባቷ ጌትነት የሞተው በቅርቡ ነው እንዳሏት፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከገና በፊት ነው እንዳላት፣ ነፍስ አባቷ እግዚአብሔር ያውቃል እንዳሏት ነገረችኝ። እውነት መቼ ነው የሞተው፣ አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት፤ በገና ዋዜማ ነው አልኳት። ማድጋዬን አወረድኩና ተቀመጥኩ፤ እሷም ራቅ ብላ ተቀመጠች። ያን ለት ምን እየሠራች እንደነበር ማስታወስ ጀመረች፣ እኔም ሰማኋት። ጠልታኛለች፤ ግን ከእኔ ሌላ የምትጠይቀው ሰው የላትም።