ወደ ብሳና ደሴት ስላልተሳፈሩት አሥራ ሰባት መንገደኞች

ለተከበሩ የብሳና መስመር የጀልባ ስምሪት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ለማኅተምዎና ለመዝገብዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ አባቴም አያቴም በዚሁ ንግድ የኖሩ ናቸው። ሐይቁ ከአፍንጫችን ሥር ሆኖ ሳለ፣ ሃምሳ ዓመቴ እስኪሞላ ድረስ ጣናን ያየሁት በቀን መቁጠሪያ ሥዕል ላይ ብቻ ነበር። ልጄ ኢልሃም በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ስለ እንስሳትና ስለ አእዋፍ የምትማር ናትና፣ ከመመረቋ በፊት አንድ ቀን ብሳና ደሴት ወስጄ ከነጫጭ የውሃ ወፎቿ ጋር ላውላት ቃል ገባሁላት። ይህችን የአንድ ቀን ጉዞ ማቀድ አንድ ወር ፈጀብኝ፤ በዚህም የጽሕፈት ቤትዎ ድርሻ የሚዘነጋ ስላልሆነ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

አንደኛ፤ ስለ ደንብዎ አመሰግናለሁ። ጀልባዋ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ያውም ሃያ ስም ከተመዘገበ ብቻ ትነሳለች፤ ሠላሳ ስም ከሞላ ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል። ለመመዝገብ መታወቂያ አይጠየቅም፣ ክፍያም አይጠየቅም፤ በስልክ ስም መናገር ይበቃል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው የወረደ ሰው ነው። በመጀመሪያው ሐሙስ አሥራ አራት ሆንን፣ በሁለተኛው አሥራ ስድስት፣ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ቤታችን ተመለስን። በሦስተኛው ሐሙስ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ስንቃችንን ቋጥረን፣ ነፍስም እግርም ይዘን ከወደቡ ቆመን ሳለን ጸሐፊዎ “አንድ ስም ጎድሏል” ብለው መዝገቡን የከደኑበትን ጽናት እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። ባለቤቴ ኢልያስ እስኪ ሃያኛ አድርገው ራስዎን ይጻፉ ብሎ ቢለምናቸው፣ እሳቸው ሠራተኛ እንጂ መንገደኛ አለመሆናቸውን በትሕትና አስረዱት።

ሁለተኛ፤ ማንኛውም ዜጋ ብልሃተኛ እንዲሆን ስላበረታታችሁ አመሰግናለሁ። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ስደውል ዘጠኝ የደሴቱ ሰዎች ተመዝግበዋል ተባልኩ፤ እኔ፣ ኢልያስ፣ ኢልሃምና ታናሽ እህቴ ስንጨመር አሥራ ሦስት ሆነ። ሰባት ስም ቢጨመር ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ጨርቅ ስለካ ትንሽ አስረዝሜ መቁረጥ የለመድኩ ነኝና፣ ደግሞም ባዶ ወንበር ከበዛ እግር መዘርጊያ አይጠፋም ብዬ፣ አሥራ ሰባት ስም አስጻፍኩ። አዲ አርቃይና አይከል ያሉ ዘመዶቼን፣ አክስቶቼን፣ አጎቴን አብዱልጀሊልን ጠራሁ፤ የሕያዋኑ ስም ሲያልቅብኝ ወደ ሙታኑ ዞርኩ። የመጨረሻዋ ራቢዓ ነበረች። ራቢዓ እናቴ ናት፤ ከቀበርናት ስምንት ዓመት አልፏል። ጸሐፊዎ በስልኩ ውስጥ “ሠላሳ ሞላ፣ እንኳን ደስ ያለዎት” አሉኝ፤ እኔም የምሬን ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ስም ሲጠራ ጸሐፊዎ ከመዝገቡ ቀና አላሉም። እኔም ከነጠላዬ ሥር ድምፄን አንዴ ቀጠን፣ አንዴ ጎርነን እያደረግሁ አሥራ ሰባት ጊዜ “አለሁ” አልኩ። እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን ሸፈነች። “ራቢዓ” ሲባልና “አለሁ” ስል ግን ኢልሃም ዞር ብላ አየችኝ፤ አያቷ ናትና ስሙን ታውቀዋለች። እኔ ወደ ውሃው አየሁ።

ሦስተኛ፤ ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ይከብደኛል፤ ቢሆንም እቀጥላለሁ። ከተሳፈርን በኋላ አንዲት ሴት ከመንገዱ ወዲያ እየሮጠች መጣች። ስሟ ሐረገወይን መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት። እናቷ ደሴቱ ላይ ረቡዕ ማታ ዐርፈው፣ ዘመድ “የሐሙሷን ጀልባ ጠብቀን እንቀብራለን” ብሎ ደውሎላት፣ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛ የመጣች ናት። ዘበኛዎ በሩን ያዙባት። “ምነው አያ፣ እናቴን ልቀብር ነው እኮ! ከወለሉም ቢሆን ልቀመጥ” ስትል ሰማሁ። ዘበኛው መዝገቡ መሙላቱን ሲነግሯት ደግሞ በጣቷ ወደ እኛ እያመለከተች “ባዶውን ወንበር እያየሁት?” አለች። ጸሐፊዎ መልስ ሰጡ፤ ያንን መልስ በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ቢያስቀርጹት ደስ ይለኛል፦ “ወንበሩ ባዶ ቢሆንም ስሙ ሙሉ ነው።”

አሁን ማንን ልውቀስ? ተነሥቼ “እነዚያ ስሞች የውሸት ናቸው፣ አሳፍሯት” ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን እውነቱ ከወጣ መዝገቡ እሷን ጨምሮ አሥራ አራት ሰው ብቻ ይቀረዋል፤ አሥራ አራት ደግሞ ሃያ አይደለም፤ ጀልባዋ ትቀራለች፣ የልጄም ወፎች ለአራተኛ ጊዜ ይቀራሉ። ይህን ሁሉ ለማስላት የወሰደብኝ ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ነጋዴ ነኛ። ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል፤ ነፋሱም ደግ ነበር፣ ጀልባዋ ተነሳች። ሴትየዋ የእናቴን ወንበር እያየች ከወደቡ ቀረች። እናቷን ልትቀብር ለመጣች ሴት ቦታ የታጣው እኔ የገዛ እናቴን ከመቃብር ጠርቼ ስላስቀመጥኩ ነው።

ደሴቱ ዳር ስንደርስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች ቆመው ይጠብቁ ነበር። የሟች ወንድም አያ ይበልጣል፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሽማግሌ፣ ወራጁን ሁሉ አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ወደ እኔ ቀረብ ብለው “ሐረገወይንስ? ማራኪ ለተማሪ ልብስ የምታጥብ ልጃችን ናት፤ አላያችኋትም?” አሉኝ። እኔም “ጀልባው ሞልቶ ቀረች” አልኳቸው። ሽማግሌው ከኋላዬ ያሉትን ባዶ አግዳሚዎች ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና “እሺ፣ ፈቃዱ ይሁን” ብለው እኛን እንግዶቹን ጥላ ሥር አስቀመጡን። ከለቀስተኛው ንፍሮ አካፈሉን ብል አጋነንሽ ይሉኛል፤ በእፍኛቸው ነው የሰጡኝ። ያንን ንፍሮ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ሬሳው ሲነሳ እዚያ ቆሜ ሰው ፊት ማየት ስላልቻልኩ ኢልሃምን “ነይ ወፎችሽን አሳዪኝ” ብዬ ወደ ደሴቱ ማዶ ይዣት ሄድኩ። ወፎቹ ከውሃው ዳር ካለው የደንገል ሣር መሐል በሽ በሽ ነበሩ። ልጄ ደብተሯን አውጥታ አንድም አልጻፈችም። አሥር ሰዓት ላይ ስንመለስ አንዲት የደንገል ታንኳ ወደ ደሴቱ ስትቀዝፍ አየን፤ አንድ ዓሣ አጥማጅና ያቺው ከወደቡ የቀረችው ሴት ነበሩባት። የኛ ጀልባ ያስነሳው ሞገድ ታንኳዋን ሲያናውጣት ሴትየዋ ዳሩን በሁለት እጇ ያዘች፤ ወደኛ ግን አልዞረችም።

በሳምንቱ ማራኪ ሄጄ ሐረገወይንን ፈልጌ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ አሥራ ሰባቱንም፣ እናቴንም። እጇ በሳሙና እንደተነከረ ሰማችኝ። አልሰደበችኝም። “ይቅርታውስ ከእግዜር ነው እትዬ። እርስዎ ከዚያ ነበሩ አይደል? እንዴት አርገው ቀበሯት? ማን ተሸከማት?” አለችኝ። እኔ ወፍ ለማየት ሄጄ ነበር ልበላት? ዓይኔን ከእጇ ሳሙና ላይ ተከልኩ። እሷም “እሺ” ብላ ወደ እጥበቷ ተመለሰች። ክቡር ሆይ፣ ሰው በሕይወቱ ብዙ ያፍራል፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ቦታዋን ወስጄ፣ የወሰድኩትን ቦታ እንኳ ሳልቆምበት ቀረሁ።

ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ስሞቹ እንዲሰረዙና እንድቀጣ ጠይቄ ነበር። ጸሐፊዎ በደግነት አስቀምጠውኝ ጉዞው በሩብ ዓመቱ ብቸኛው መቶ በመቶ የሞላ ጉዞ ተብሎ ሪፖርት መደረጉን፣ የተላከ ሪፖርትም እንደማይታረም ነግረው አሰናበቱኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው ሆኖብኝ ብዙ ልናገርዎ አልችልም፤ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከሠላሳው ወንበር አንዱን ከመዝገብ ያውጡት፤ ለቀብር የሚሄድ ሰው ስሙ ሳይጠየቅ ይቀመጥበት። ይህ ደንቡን ያፈርሰዋል የሚሉ ከሆነ፣ ደንቡን እኔ ከቤቴ ቁጭ ብዬ በስልክ እንዳፈረስኩት ያስታውሱልኝ።

የሥራ ዘመንዎ እንደ መዝገብዎ ሙሉ፣ እንቅልፍዎም ከእኔው የተሻለ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ፈህሚያ ዐብዱልከሪም
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሐረገወይን፣ ማራኪ
ለአያ ይበልጣል፣ ብሳና ደሴት (የሚያነብላቸው ሰው እንዲፈለግ)

ማሳሰቢያ፦ ደሴቱ ላይ ስንወርድ ስም አልተጠራም። በመዝገብዎ መሠረት ሠላሳ ሰዎች ተሳፍረው፣ ደሴቱ ላይ ሒሳብ ከፍለው የወረዱት አሥራ ሦስት ብቻ ናቸው፤ አሥራ ሰባት መንገደኛ ሐይቅ ላይ ጠፍቶብዎ እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልጠየቀም። ቢጠይቁ ግን ስለ አንዷ እኔ እመሰክራለሁ። እናቴ ራቢዓ በሕይወት ኖራ በዚያች ጀልባ ላይ በእርግጥ ብትቀመጥ ኖሮ፣ ሴትየዋ ከበሩ ሳትደርስ ገና ተነሥታ ቦታዋን ትለቅላት ነበር። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።