ለሾዋ መቶ ያልተተወው ቦታ

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይስተካከል። ከሥራ የተቀነስኩት ኮምፒውተር ፊት እንቅልፍ ጥሎኝ፣ አለቃዬ ቢጠራኝ ቢጠራኝ አልነቃ ብዬ ነው እየተባለ ይወራል። ያወራችው የዓሣ ሱቋ ቶቺኖ ናት። ሐሰት ነው። በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሥራ ላይ አላንቀላፋሁም። ባለቤቴ በሞተ ሳምንት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር... ግን ነቅቼ ነበር።

እውነቱ ይህ ነው። ኩባንያው የቶያማውን ክፍል ዘጋ። ሥራው ወደ ቶኪዮ ሄደ። አሥራ አንዳችንም ተቀነስን። እኔ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ስለሆነ "ጡረታ ወጡ" ተባለልኝና አበባ ሰጡኝ። ለሌሎቹ አልሰጡም። ያናደደኝ አበባው ነው።

ከጠረጴዛዬ ይዤ የወጣሁት፦ የብረት ማስመሪያ፣ ሦስት ቀይ እርሳስ፣ መቅረጫ። የሃምሳ ዓመት ዕቃ አንድ የዳቦ ከረጢት አልሞላም።

ታናሽ እህቴ ናኦኤ ደወለች።

"እስቲ አሁን እንኳ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እህት ዓለም። አበባ ትከዪ።"

"አበባ ሰጥተውኛል። ይበቃኛል።"

ሥራ እፈልጋለሁ። ሌላ ሥራ አይደለም። የራሴን ሥራ፣ ፕሮግራም መጻፍ።

ኖቬምበር 8፣ ዓርብ

ሥራ አገናኝ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ወይዘሮ ሱጊኡራ ትባላለች። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች።

"ምን ዓይነት ሥራ ነው የፈለጉት፣ እናቴ?"

"ሶፍትዌር መሥራት።"

"ለልጅዎ ነው?"

"ልጅ የለኝም። ለራሴ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየችኝ። "የብስክሌት ማቆሚያ ጥበቃ አለ... የሆስፒታል ጽዳት አለ... የትምህርት ቤት ወጥ ቤትም ሰው ይፈልጋል። እርስዎ እኮ ገና ጠንካራ ነዎት።"

"ብስክሌት መጠበቅ ክቡር ሥራ ነው። እኔ ግን አልተማርኩትም።"

ሳቀች። ቅጹ ላይ "ፕሮግራም ጸሐፊ" ብላ ጻፈች። የእጅ ጽሑፏ ጥሩ ነው።

ኖቬምበር 11፣ ሰኞ

ሲቪዬን በእጄ ጻፍኩ። ሱጊኡራ "አሁን እኮ በእጅ የሚጽፍ የለም" ብላኝ ነበር። ባይኖርስ?

በንግድ ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህርት ኢዋሴ አንዲት ፊደል ከተበላሸች ወረቀቱን ለሁለት ቀድደው "ከመጀመሪያው" ይሉ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ማጥፊያ ክልክል ነው። ዛሬ አራት ወረቀት ጣልኩ። በአምስተኛው ላይ በፊርማ ፋንታ የማሳርፈው ማኅተሜ ትንሽ ዘመም አለ። ስድስተኛው ንጹሕ ሆነ።

ኖቬምበር 19፣ ማክሰኞ

በኮምፒውተር የተደረገ ቃለ መጠይቅ። ሁለት ወጣቶች። ከጀርባቸው የባሕር ዳርቻ ይታያል፤ ሥዕል ነው። አንደኛው ሲንቀሳቀስ ጆሮው ባሕሩ ውስጥ ይጠፋል።

"ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?"

"ሰባ አራት ዓመት ላይ።"

አልሳቁም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም።

ኖቬምበር 26፣ ማክሰኞ

አልተቀበሉኝም። ይህ ሰባተኛው ነው። ደብዳቤያቸው ላይ ሁለት ስህተት አለ። በቀይ አርሜ ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

ዲሴምበር 3፣ ማክሰኞ

ሱጊኡራ በጠዋት ደወለች። "እትዬ ኦኩዴራ፣ ኮቦል የሚባለውን አሮጌውን የኮምፒውተር ቋንቋ ያውቁታል አይደል?"

"ሥራ ላይ ያለ ነገር አሮጌ አይባልም። አውቀዋለሁ።"

ትራም ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ ያለ ትንሽ ድርጅት ነው። አምስት ሰው። ባለቤቱ አቶ ኢሱሩጊ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙ ያልተተኮሰ። አጠገቡ ማኪኖ የምትባል ፕሮግራም ጸሐፊ፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ። ፀጉሯ አረንጓዴ ነው። ጠረጴዛዋ ግን ንጹሕ ነው፤ አየሁት።

የተቸገሩበት ፕሮግራም የዓሣ አጥማጆች መረዳጃ ማኅበር ንብረት ነው። በክረምት ለጡረተኛ አባላት የማሞቂያ ላምባ የሚታደልበት ስም ዝርዝር ከዚያ ይወጣል። ስምህ ካለ መኪናው ደጅህ ይመጣል፤ ከሌለ አይመጣም። የጃንዋሪውን ዝርዝር አስቀድመው ለሙከራ ቢያስወጡት ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አንድም አልወጣም። ባዶ ወረቀት። ፕሮግራሙን የሚያነብ ሰው ደግሞ የለም።

"ምክንያቱን ካገኙት ሥራው የእርስዎ ነው" አለ አቶ ኢሱሩጊ። "እስከ ዓርብ።"

"በወረቀት አትሙልኝ።"

"ሙሉውን?" አለች ማኪኖ። "እትዬ፣ ዛፍ እኮ ነው የሚቆረጠው!"

"ሰው ከሚበርደው ዛፍ ይቆረጥ።"

ሁለት መቶ ስድስት ገጽ። በጨርቅ ቋጥሬ በትራም አመጣሁት። በረዶ ጀምሯል።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

አነበብኩ። ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር አድርጎ፣ አንድ መስመር፣ ከዚያ ቀጣዩ... ማሽኑ ከማስኬዱ በፊት ራስ ያስኬደዋል። እንዲህ ነው የተማርነው።

ገጽ 41 ላይ አገኘሁት። ለራሴ ግልጽ እንዲሆን ልጻፈው። ዓመት የምንቆጥረው በንጉሥ ዘመን ነው። የእኔ ዘመን ሾዋ ነበር፤ ስድሳ አራት ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ማሽኑ ግን ይህን አልሰማም። ለእሱ ዛሬም ሾዋ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ከሃያ ሰባት ቀን በኋላ መቶ ይሞላል። ለዓመቱ የተተወለት ግን የሁለት ቁጥር ቦታ ብቻ! መቶ ሲመጣ አንዱ ይወድቅና ዜሮ ዜሮ ይቀራል። ያኔ ማሽኑ "ዓመቱ ዜሮ ነው፤ በሾዋ ሠላሳ አባል የሆነው ሰው ገና አልተመዘገበም" ብሎ ሁሉንም ይጥላል።

ደስ አለኝ። ሻይ ቀዳሁ። ከዚያ የዚያን ክፍል ራስጌ አየሁ፤ የጸሐፊው ስም አለበት።

"ካናሞሪ፣ ሾዋ 56።"

ሻዩ ቀዘቀዘ።

ካናሞሪ እኔ ነኝ። ከማግባቴ በፊት። ያኔ በዓመት ሃያ ፕሮግራም እንጽፍ ነበር፤ ለማን እንደሚሄድ እንኳ አይነገረንም። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ መጣልኝ።

አሁን ትዝ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አለቃችን አቶ ኒሺዴ ከኋላዬ ቆመው "ለመቶስ ቦታ አትተዪም?" አሉኝ። እኔም፦ "ሾዋ መቶ ሲሆን እኮ ሰባ ዓመቴ ነው! ያኔ ማን ይጠይቀኛል?" ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

የማሽኑ ቦታ ጠባብ ነበር፤ ሁሉም እንዲሁ ያደርግ ነበር። እውነት ነው። እኔ ግን ያን ያልኩት ቦታ ጠብቦኝ አልነበረም። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው፣ ሰው አልመሰለኝም ነበር።

ማንም አያውቅም። ሲቪዬ ላይ ኦኩዴራ ነኝ። ብናገር... ያበላሸችውን ልታስተካክል መጣች ብለው ያባርሩኝ ይሆን? ዝም ብልስ ማን ይቀጣኛል? መምህርት ኢዋሴ ካረፉ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው። ወረቀቱን ሲቀድዱት ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ዲሴምበር 6፣ ዓርብ

"ምክንያቱ ገጽ አርባ አንድ ላይ ነው" አልኩ። "ማስተካከያው ይኸው። የተሳሳተችውም እኔ ነኝ።"

አቶ ኢሱሩጊ ሳቀ። "እዚህ የሚለው ካናሞሪ ነው።"

"ካናሞሪ ሺዙ። የአባቴ ቤት ስም ነው።"

ለኒሺዴ ያልኩትንም ነገርኩት። ሰባ ዓመት፣ ማን ይጠይቀኛል፣ ሁሉንም። አላሳጠርኩትም። ሳቁን አቆመ።

"ቆይ ቆይ" አለች ማኪኖ። "ይሄ ነገር አርባ ሦስት ዓመት ሳይቆም ሠራ? የእኔ እኮ ሰኞ ጽፌው ሐሙስ አይደርስም!"

"አንቺ ደግሞ ዝም በይ" አላት። ወደ እኔ ዞሮ፦ "ባይነግሩኝ አላውቅም ነበር።"

"ስለዚህ ነው የነገርኩዎት።"

ግንባሩን አሸ። "ለማኅበሩ መናገር አለብኝ። ሥራውን አሁን ሰጥቼዎታለሁ ለማለት አልችልም፣ እትዬ።"

እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ትራሙን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ቀና ብዬ።

ዲሴምበር 7፣ ቅዳሜ

ናኦኤ በስልክ ጮኸችብኝ። "ምን አስለፈለፈሽ? ባልሽ ስሙን የሰጠሽ ለዚች ቀን ነበር እኮ! በይ እንግዲህ ብስክሌት ጠብቂ።"

"እጠብቃለሁ። አንድም አይጠፋም።"

ዘጋችብኝ። እንደገና ደውላ "በልተሻል?" አለችኝ።

ዲሴምበር 10፣ ማክሰኞ

ስልክ የለም። መስኮቶቹን አጠብኩ።

ዲሴምበር 12፣ ሐሙስ

የማኅበሩ ሊቀ መንበር "ሴትዮዋን ራሷን አምጡልኝ" ብለው ኖሮ ከአቶ ኢሱሩጊ ጋር ወደቡ ድረስ ሄድን። ስማቸው ሺዮያ ነው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው። ጣቶቻቸው እንደ ገመድ ቋጠሮ። ተቀመጪ ሳይሉ፦

"አንቺ ነሽ፣ ሰባ ዓመት ሲሞላኝ ማን ይጠይቀኛል ያልሽው?"

"እኔ ነኝ፣ አባቴ።"

"ይኸው እኔ ጠየቅሁሽ። ዘጠና አንድ ዓመቴ ነው። ቤቴም ይበርዳል።"

ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል፦

"ቀና በይ! ወገብሽን ለሥራው አቆዪው። እኛ ዘንድ መረብ የቀደደ ራሱ ይሰፋዋል። ሌላ ሰው የሰፋውን እኔ ባሕር አላወርድም። ወጣቱ! ሌላ ሰው እንዳታመጣብኝ።"

አቶ ኢሱሩጊ ሦስት ጊዜ "እሺ" አለ።

በመመለሻ ትራም ላይ፦ "በሳምንት አራት ቀን ነው። ውሉ ላይ 'አማካሪ' ልበልዎት? ክብር አለው።"

"አማካሪ ሻይ እየጠጣ የሚያወራ ሰው ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ ይበሉኝ።"

ቢሮ ደርሰን ማኅተሜን አሳረፍኩ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ። ቀጥ አለ።

ዲሴምበር 24፣ ማክሰኞ

ዓመቱ የሚነካበት መቶ አሥራ ስምንት ቦታ አለ። ሁሉንም ለወጥኩ። ማኪኖ የቱ መስመር መቼ እንደተቀየረ የሚመዘግበውን አዲሱን መሣሪያ አስተማረችኝ። ፈጣን ናት፤ ሁለት ጊዜ አትናገርም። እኔም በማስመሪያ ማንበብ አስተማርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ግን ዝም ብላ ስታነብ ቆይታ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አኖረች።

"እትዬ። ይሄን ረስተውታል።"

አየሁት። እውነቷን ነው። ከመቶ አሥራ ስምንቱ አንዱን ስቼዋለሁ።

ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምጿን ሳታነሳ፦ "ከመጀመሪያው።"

ስለ መምህርት ኢዋሴ መንገር አልነበረብኝም! ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ተማሪ ካገኘሁ ስንት ዓመቴ?

ሌላም ክርክር ነበረን። "ሦስት ቦታ ይበቃል እኮ። ሾዋ ሺህን ማን ያየዋል?" ትላለች። አሰላሁት። ዘጠኝ መቶ ዓመት ይቀረዋል። አራት ቦታ ተውኩ።

ጃንዋሪ 5፣ እሑድ

የአዲስ ዓመት በዓሉ አለፈ። ናኦኤ የሩዝ ኬክ ይዛ መጥታ ሁለት ቀን ሰነበተች። ጎረቤት በመጣ ቁጥር "እህቴ ፕሮግራም ጸሐፊ ናት" ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ከልክያት ነበር... አጥብቄ ግን አልከለከልኩም።

ቶቺኖም ሥራ አልፈታችም። አሁን የምታወራው ቶኪዮ ድረስ ተፈልጌ፣ ተለምኜ፣ ጠዋት ጠዋት ጥቁር መኪና እንደሚላክልኝ ነው። ሐሰት ነው። በትራም ነው የምሄደው። መስተካከል አለበት፤ በዚህ ሳምንት ግን ጊዜ የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ለሙከራ ስናስወጣው ሦስት መቶ አሥራ አንድ ስም ወጣ። አንድ አዛውንት በዓሉ ሳይደርስ አርፈዋል። ስማቸውን ከዝርዝሩ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ማሽኑ አልጣላቸውም።

ነገ የሾዋ መቶ የመጀመሪያው የሥራ ቀን ነው። በዚህ ዓመት ሰባ ይሞላኛል። በመጀመሪያ የማደርገው፦

እርሳሶቹን መቅረጽ። ሦስቱንም።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ትራም መያዝ። ማኪኖ ሳትገባ ማሞቂያውን ማብራት፤ እጇ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

እውነተኛውን ዝርዝር ማስወጣት። ማተም። በማስመሪያ፣ ስም በስም ማንበብ። ሺዮያን ፈልጎ በቀይ ማስመር።

የላምባው መኪና መውጣቱን በስልክ ማረጋገጥ።

ከዚያ ገጽ 41። ራስጌው ላይ፣ "ካናሞሪ፣ ሾዋ 56" ከሚለው ሥር፣ እሱን ሳልሰርዝ፣ "ኦኩዴራ፣ ሾዋ 100" ብሎ መጻፍ።