የጋሽ ጆሮ እርማት

ጋሽ ጆሮ እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን ከአባታቸው ከባቡር ጠጋኙና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ከባቡር መጋዘኑ ጀርባ ያለች ባለ አንድ ክፍል ስትሆን፣ የእናታቸው የስፌት መኪና ከአልጋው ግርጌ ነበር። ሕፃን ሳሉ መኪናው ሲጮኽ ተኝተው ዝም ሲል ይነቁ ነበር። እናታቸውም "ይህን ልጅ የሚያስለቅሰው ዝምታ ነው" ይሉ እንደነበር ታላላቆቹ እናስታውሳለን።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደተከታተሉ አባታቸው በማረፋቸው፣ በ1960 ዓ.ም. ማተሚያ ቤት ተቀጠሩ። በወለል ጠራጊነት ጀምረው የማሽን ኦፕሬተር ለመሆን በቁ። ማሽኑ ገና ሳይበላሽ ድምፁን ሰምተው "ይቺ ነገር ታማለች" ስለሚሉ ባልደረቦቻቸው ጆሮ የሚል ስም አወጡላቸው። ትልቁ ማሽን በግራቸው በኩል ሲንጓጓ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አገለገሉ። ለሠራተኛ የጆሮ መድፈኛ ልስጥ ያለ አለቃ አንድም አልነበረም። ይህን ያነሣነው ለወግ አይደለም፤ ዛሬም ስለሚያናድደን ነው።

በ1971 ዓ.ም. እዚያው ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ይጠርዙ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ቤታቸው ከሸክላ እስከ ካሴት፣ ከካሴት እስከ ሲዲ በአልበም የተሞላ ነበር። አልበም ከተከፈተ ወሬ የለም፤ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ይሰማል። መሐሉን ዘሎ የሚሰማ ሰው መጽሐፍ ገንጥሎ እንደሚያነብ ነው ይሉ ነበር። አማቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የመጡ ዕለት የወደዱት ዘፈን ጋ ለመድረስ ቢያሳልፉ፣ ጋሽ ጆሮ ብድግ ብለው ማጫወቻውን አጠፉና "ልጄን ብትወስድ አልከለክልህም፤ ሦስተኛውን ዘፈን ግን አትዘልብኝም" አሏቸው። አማቻቸው ሁለቱንም አክብረው ይኸው እዚህ አሉ።

በ2009 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው ስልክ ገዝታላቸው፣ ሙዚቃ ወዳጆች ስለ አልበም አስተያየት የሚጽፉበት የኢንተርኔት ገጽ ውስጥ አስገባቻቸው። ከዚያ ወዲህ ያ ቤት ሰላም አላየም። ባለ አምስቱ የሚባል ጸሐፊ ለወጣው አልበም ሁሉ አምስት ኮከብ ሲያድል፣ ጋሽ ጆሮ "ሁሉን አምስት የምትለው በአንድ እጅህ ብቻ ስለምትቆጥር ነው?" ብለው ጻፉበት። ሌላው አልበሙ በወጣ በሩብ ሰዓት ፍርዱን ቢለጥፍ፣ "አልበሙ የአንድ ሰዓት ነው፤ የቀረውን በየት በኩል ሰማኸው?" አሉት። ዘፈኑን ትቶ ስለ ዘፋኟ ቀሚስ ለጻፈ ሰው የመለሱለትንማ ባንናገር ይሻላል። የገጹ ባለቤት ራሱን ዳኛው ብሎ የሰየመ ሰው ሲሆን፣ ጠብ አንባቢ ስለሚያመጣለት ቁጣቸውን ይወደው ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ባለቤታቸው ታመው ሐኪም ጸጥታ ስላዘዘላቸው፣ ጋሽ ጆሮ በማዳመጫ መስማት ጀመሩ። በዓመቱ አንድ አዲስ ዘፋኝ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። እሳቸውም "ዘፋኙ ድምፅ አለው፤ ባስ ጊታር የሚባል ግን የለም። መሠረት ሳይጥሉ ጣሪያ አሳመሩ" ብለው ጻፉ። ዳኛው ጽሑፉን ከገጹ አናት ላይ ሰቀለው፤ ያላየው ሰው አልነበረም።

አልበሙ ላይ ግን ባስ የተጫወተች ወጣት ነበረች፤ የመጀመሪያ ሥራዋም ነው። ሰው መሳቂያ አደረጋት፤ ሁለት ባንዶችም በጽሑፉ ምክንያት አንፈልግሽም አሏት። ቤታቸውን አጠያይቃ መጣችና በሩ ላይ ቆማ "ጋሼ፣ እኔ እዚያ አልበም ውስጥ አለሁ" አለች። እሳቸውም ያልሰሙትን ሰማሁ እንደማይሉ ነግረው ማዳመጫውን ሰጧት። ሰማች፤ በግራቸው በኩል ሆና ቀስ ብላ ብትጠራቸው ዘወር አላሉም። ከዚያም ማዳመጫውን ገልብጣ፣ የግራውን በቀኝ አድርጋ አጠለቀችላቸው።

ባሱ በግራ በኩል ብቻ እንዲሰማ ተደርጎ የተቀዳ ነበር። የጋሽ ጆሮ ግራ ጆሮ ደግሞ እዚያው ከማሽኑ ጎን ቀርቷል። እሳቸው ይህን አላወቁም፤ ሰው በፊቱ ያለውን እንጂ በራሱ ያለውን መች ያያል። ባለቤታቸው ከአልጋቸው ሆነው "ዕድሜ ልኬን በቀኝህ በኩል የምሄደው ለምን ይመስልህ ነበር?" ቢሏቸው፣ "ለፍቅር ነዋ" አሉ። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቁም። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ሰምተው፣ ልጅቷን ይቅርታ ጠይቀው፣ ሳትሄድ እዚያው እርማታቸውን ጽፈው ለጠፉ።

ዳኛው እርማቱን አጠፋው፤ ስሕተቱን ተወው። ሴት ልጃቸው ደውላ ብትለምነው እርማት ማን ያነባል አላት። ባለ አምስቱም "ደንቆሮው ሊቅ" ብሎ ተሳለቀ፤ ሳቁ ብዙ ነበር። ጋሽ ጆሮ ደግመው ጻፉ፤ ደግሞ ጠፋ። በመጨረሻም ከገጹ አባረሯቸው። ስድቡን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። እንቅልፍ የነሣቸው ያቺ ልጅ በእሳቸው ቃል ታስራ መቅረቷ ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ ማንኛውንም አልበም ሁለት ጊዜ፣ ማዳመጫውን አንዴ አቅንተው አንዴ ገልብጠው ይሰሙ ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሐኪም ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት "ስቀበር ጥሩ ጥሩዬን ብቻ እንዳታነቡ። እርማቴን አንብቡልኝ" ብለው አደራ አሉ።

በማግስቱ ያው ገጽ ፎቷቸውን ከሻማ ሥዕል ጋር ለጥፎ "ሊቃችን" አላቸው። ባለ አምስቱም አምስት ኮከብ ሰጣቸው። ከእነሱ ወገን እዚህ የቆመ ካለ ይስማን፤ ሻማውን አንሱ፣ እርማቱን መልሱ። ይህን ወረቀት ያተሙት የማተሚያ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ይህን ዳኛው ሊያጠፋው አይችልም። የጋሽ ጆሮ ቃል እንዲህ ይላል፦

"ባስ የለም ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ባስ አለ፤ የአልበሙም ምርጥ ነገር እሱ ነው። የጎደለው የእኔ ግራ ጆሮ ነው። ልጅቷን በባንዳችሁ ባስ አጫውቷት።"

የኔ ልጅ፣ ከኋላ መቆምሽን አይተናል፤ ወደ ፊት ነይ፣ ቦታሽ ከቤተሰቡ ጋር ነው።

ጋሽ ጆሮ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላላቆቻቸውን ትተው ሄደዋል። በፀሐይ ቆማችሁ ለሰማችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። የወንድማችንንም ነፍስ፣ ዝማሬው በሁለቱም ጆሮ ከሚሰማበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።