የሰባት ጠመንጃ ማንገቻ

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቡሪየን፣ ሲያትል

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአባባ ኃይለ መስቀል፣ መንዝ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጁ የሞተበት አባት እንዲህ ተብሎ እንደማይጠየቅ አውቃለሁ፤ ሳልጠይቅዎት ብጀምር ደግሞ ነውር መሰለኝ። እኔና ሃኒ ደኅና ነን። ደኅና ስል ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው። ሃኒ ትምህርት ቤት ውላ ስትመለስ የአባቷን ጃኬት ለብሳ እራት ትበላለች። እኔም ሥራ ገብቻለሁ፤ እዚህ አገር ካልሠሩ የሚያለቅሱበት ቤትም አይኖርም።

ልጅዎን አበጀን የጣለው፣ ሽማግሌዎቹ መርዶውን ሲያረዱዎ እንደነገሩዎ፣ ኩላሊቱ ነው። አላሠቃየውም ብዬ አልዋሽዎትም፤ አሠቃይቶታል። ቀልዱ ግን እስከ መጨረሻው አልተለየውም። የቀበርነው እዚሁ ነው፤ ካህኑም ሕዝቡም አልጎደለም። አገሩ ሰላም ቢሆን ኖሮ መንዝ ድረስ ይዤልዎት እመጣ ነበር።

ባለፈው በስልክ ያሉኝን ነገር ሳብሰለስል ሰነበትኩ። «ከሰባቱ አንዱን ላኪልኝ፤ የልጄ ጠመንጃ ለቅሶው መሃል ሳይወጣ አርባው አይወጣም» አሉኝ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ብሆንም ደንቡን አበጀ አስተምሮኛል። የሟች ጠመንጃ ወጥቶ፣ ሰው ይዞት እየዞረ ሲፎክርበት፣ ያኔ ነው ወንድ ሞተ የሚባለው። እርስዎ ደግሞ «ልጄ አሜሪካ ሰባት ሲሞኖቭ አለው» ብለው ያልነገሩት ሰው የለም። አሁን አገሩ ሁሉ ያንን ይጠብቃል።

አገሬ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና እስቲ እዚህ ላይ ቁሚ። ቤት ውስጥ ለቀስተኛ ካለ አንድ ነገር ብለሽ አስወጪ። የቀረውን ለአባባ ብቻ አንብቢላቸው፤ ድምፅሽንም ዝቅ አድርጊ።

አባባ፣ ጠመንጃዎቹ አይተኩሱም።

አንዱም አይተኩስም። አፈሙዛቸው በብየዳ ተደፍኗል፤ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ወጥቶላቸዋል። እዚህ አገር ለግድግዳ ጌጥ የሚሸጡ የሞቱ መሣሪያዎች አሉ፤ እንደ ቴምብር የሚሰበስባቸውም ሰው ሞልቷል። አበጀ ከነሱ አንዱ ሆነ። ሲሞኖቭን ሩሲያዎች የነደፉት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ነው አሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ቻይናውም፣ ዩጎዝላቪያውም፣ ሩማንያውም፣ አልባኒያውም እየቀዳ ሠራው። ልጅዎ የእያንዳንዱን ዘር የገዛ ዘመዱን እንደሚቆጥር ሰው ይቆጥር ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ኤቨረት የሚባል ከተማ ድረስ ነድቶ አንድ ረጅም ካርቶን አቅፎ ይመጣል። ሳሎኔን ሞላብኝ። እኔ ጣውንቶቼ ነበር የምላቸው። «ዛሬ ደግሞ ስንተኛዋን አገባህ?» ስለው እየሳቀ በዘይት ይወለውላቸዋል።

የሞቱ ብቻ እንዲሆኑ ያደረግኩት እኔ ነኝ። «ልጅ ያለበት ቤት የሚተኩስ ነገር ከገባ እኔ እወጣለሁ» አልኩት፤ እሺ አለ። አሁንም ቢሆን ቃሌ ያው ነው። ለእርስዎ ግን «ሰባት አለኝ» ያለዎት ጊዜ እንዴት እንደሳቁ ሁለታችንም ሰማን። ከዚያ ሳቅ በኋላ «አይተኩሱም» የሚልበት አፍ አጣ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያለ፣ ነገው አለቀበት።

ለምን እንደሚሰበስብ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ለመንገዱ ብለው ሲሞኖቭዎን እንደሸጡ ነገረኝ። ማንገቻውን ግን ፈትተው፣ «ይህ በገዛ እጄ ያለፋሁት ቆዳ ነው፤ አይሸጥም» ብለው ሻንጣውን አሰሩበት። ያንን ማንገቻ አዲስ በመጣ ጠመንጃ ሁሉ ላይ ይሞክረዋል። አንዱ ላይ ቀለበቱ ይጠበዋል፤ ሌላው ላይ ይረዝማል።

«ሁሉም ሲሞኖቭ አይደሉም እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ኦኬ፣ ላንቺ ሁሉም አንድ ናቸው። የአባባ ግን እዚህ ውስጥ የለም» አለኝ።

ሊመልስልዎት ነበር የሚፈልገው፣ አባባ። መላክ እንደማይቻል እያወቀ ይፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ በዚህ ስቀልድበት ኖርኩ።

በሠልስቱ ቀን፣ ኤርፖርት አብሮት ሻንጣ ይጭን የነበረው የአገራችሁ ልጅ መልከጸዴቅ ተነሣና «ጠመንጃው ይውጣ እንጂ! የማን ለቅሶ መሰላችሁ?» አለ።

«ውጭ ይዘኸው ከወጣህ ጎረቤት ፖሊስ ኮል ያደርጋል። ሁለተኛ ለቅሶ አታምጣብኝ» አልኩት።

«ሶ፣ ዝም ብለን ቀብረነው እንቅር?»

መኪናዋን ከጋራዡ አወጣንና ገብተን በሩን ዘጋን። የቻይናውን ይዞ ዞረ። ፎከረም፤ ግን በሹክሹክታ። ያን የሚያህል ሰውዬ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በጥርሱ መሃል ነበር የሚፎክረው። ሃኒ እጄን ያዝ አድርጋ «ማሚ፣ ዋይ ኢዝ ሂ ዊስፐሪንግ?» አለችኝ፤ ለምን ያንሾካሹካል ማለቷ ነው። ከሞተ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩት።

እንግዲህ የሞተ ቢሆንም ጠመንጃ ጠመንጃ ነውና ልልክልዎት አልችልም። በጓደኛዬ በማህደር እጅ የላክሁልዎ ማንገቻውን ነው። ሲሞኖቭዎን የገዙት አያ ገብረሕይወት እስከ ዛሬ እንዳልሸጡት አገሬ ነግራኛለች፤ አበጀም በየፋሲካው ይጠይቃት ነበር። ለአንድ ቀን ያውሱዎት። ለቅሶ ነውና እምቢ አይሉም። ማንገቻውን በዱሮ ቦታው ይሰሩትና እሱን ያውጡት። አገሩ «ከሰባቱ አንዱ መጣ» ቢል ይበል፤ እርስዎ ግን ልጅዎ ሲፈልገው የኖረው የትኛውን እንደሆነ አሁን ያውቃሉ።

እንዲተኮስ ግን አልፈልግም፤ በዚህ ዘመን እናንተ ዘንድ የሚተኮሰው ይበቃል። ያለ ጥይት፣ ጮክ ተብሎ ይፎከርለት። እኛ ጮክ ማለት አልቻልንም።

ከእሱ የተቆረጠውን ዕድሜ እግዚአብሔር ለእርስዎ ይቀጥልልን። እሑድ ስደውል ሃኒን ይመርቁልኝ፤ አማርኛው ቢያጥራትም አሜን ማለት ታውቃለች።

ልጅዎ ፍቅርአዲስ

አባባ፣ ማንገቻው ውስጥ ውስጡን በላብ ጠቁሯል። የእርስዎ ይሁን የእሱ መለየት አቃተኝ። ስለዚህ አላጠብኩትም።