ዝሆኗ ወደኋላ የተመለሰችለት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፤ ደመና። መኪናው ውስጥ እኔ፣ አስጎብኚውና ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት።

እህት ዓለም፣

ፓርኩ ውስጥ አንዲት ዝሆን መንገዱን ዘግታ ቆመች። ቆዳዋ ስፌት ቤት አንቺ ሳትተኩሺ የምትሰቅዪውን ካኪ ሱሪ ይመስላል። መቀመጥ አቃተኝና፣ «እባክሽ እለፊ፣ እናቴ!» አልኳት።

«ምነው፣ ቀጠሮ አለብሽ?» ብለው ሴትዮዋ ሳቁብኝ።

አስጎብኚው ግን፣ «እትዬ፣ ይታገሱ፤ ግልገሏ ወደኋላ ቀርታባት ነው» አለኝ። እውነትም ተመልሳ ይዛት መጣች።

እኔ አሥር ደቂቃ ዘገየሽ ብዬ መናኸሪያ ጥዬሽ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አልቻልኩም። ይቅር በይኝና የቅዳሜውን አውቶቡስ ያዢ። እማማንና ልጆቹን ሳሚልኝ።

ረቡዕ ጠዋት፦ ከጎኔ ያለውን ባዶ አልጋ አነጠፍኩልሽ። ከዚያ ይህን ካርድ ይዤ መናኸሪያ መጣሁ፤ ወደ እናንተ የሚሄደውን ሾፌር ቆሜ እየጠበቅሁ ነው።