ቀለብ የምትላት ቃልህ

አባዬ፣ ሱዳን ላይ አፈር አልብሰንህ ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። አሁን የምንኖረው እስራኤል አገር፣ አፉላ የሚባል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬ ፋብሪካ ገብታለች። እኔ ዕብራይስጥ እየለመድኩ ነው፤ ሰው ፊት ስናገር ግን ዛሬም ድምፄ ይጠፋል።

የምጽፍልህ ስለ እህትህ ስለ ዝማም ነው። ባሏ ልፍታት ብሎ ፍርድ ቤት ሄዷል። የቀጠሮው ቀን እማዬ ሥራ ስለነበረች አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ዳኛው «መዞኖት ትጠይቃለች?» አሉኝ። ትምህርት ቤት መዞን ማለት ምግብ ነው ብለውናል። ስለዚህ አክስቴን ምግብ ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ በልቼ ነው የመጣሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው አለችኝ። እኔም አትፈልግም አልኩ። ጸሐፊው ሲጽፍ፣ ቋንቋውን ከእኛ ቀድሞ የለመደው ባሏ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

ያ ፈገግታ ከነከነኝ። ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ አንተ ትዝ አልከኝ። ጎንደር ሽማግሌ ሆነህ ባልና ሚስት ስታፋታ፣ «አዝመራው እስኪታጨድ ቀለቧን ይስፈርላት» ትል ነበር። ሰውየው ገብሱን ሲያመጣ፣ ቁናው እስከ አፉ መሙላቱን በእጅህ ትዳብስ ነበር። ዳኛው የጠየቁት ለካ ቀለብ ነው።

አክስቴን ይዤ ተመለስኩና በሩን አንኳኳሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም አልኩ። አክስቴንም ቀለብ ይስፈርልሽ ወይ ነው የሚሉሽ ስላት፣ እሱንማ መች ጠላሁ፣ ምነው ቀድመሽ እንዲህ ብትዪኝ አለች። ዳኛው የተጻፈውን አሰረዙ። ጌት የሚሉትን የፍቺ ወረቀት እስኪሰጣት ድረስ ባሏ በየወሩ እንዲቀልባት ወሰኑ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እዚህ ቀለቡ የሚቆመው ሴቲቱ ስትፈታ ነው። አንተ የምታሰፍርላት ደግሞ ከተፈታች በኋላ ነበር። ለምን ይሆን? ምናልባት አንተ ያሰብከው አዝመራውን ከባሏ ጋር አብራ ስላረመች ነው። ዳኛው የሚሉትንም ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ መጠየቁን ግን አፈርኩ። አንተን አላፍርህም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተሬ ጀርባ ላይ ያንተን ቃላት እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀለብ ነው። አሥራ አንድ ደርሰዋል፤ የረሳኋቸውን አክስቴ ታስታውሰኛለች። አንዱም እንዳይጎድል፣ አንተ ቁናውን እንደምትዳብሰው እየዳበስኩ እጠብቃቸዋለሁ።

ልጅህ ይታይሽ